መርከቡ አይጠብቅም፦ ከወሎ ተነስቶ ባሕር ለሚሻገር ሰው

(ደሴ ላይ ለጉዞ ለሚዘጋጁ ቤተሰቦች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ? አባቶች፣ እናቶች፣ እህት ወንድሞች፣ ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ አላህም እግዚአብሔርም ይስጥልኝ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ መርከብና ስለ ደሴት ሽርሽር ነው። ጦሳ ተራራ ሥር ቁጭ ብሎ ስለ ባሕር ማውራት ለአንዳንዱ ቅንጦት ይመስለው ይሆናል። እኔ ግን እንደዚያ አላየውም። ወሎ ባሕርን የማያውቅ አገር አይደለም። ከኮምቦልቻ በሚሌ አድርጎ አሰብ የሚወርደው መንገድ የስንቱን ቤት እንጀራ እንዳበሰለ እዚህ ያላችሁ ትልልቆቹ ታውቁታላችሁ። ወደብ ላይ የሠራ፣ የነገደ፣ ልጅ የወለደ ብዙ ዘመድ አለን።

አሁን ነገሩ በሌላ በር መጥቷል። ልጆቻችን ውጭ ናቸው። አንዱ አሜሪካ፣ አንዷ ጣሊያን፣ ሌላዋ ዱባይ። ከዕለታት አንድ ቀን ስልክ ይደወላል፤ «እማዬ፣ ዘንድሮ ስትመጪ ክሩዝ ቆርጬልሻለሁ» ይባላል፤ የመርከብ ሽርሽር ማለት ነው። ሙሽሮችም ከሠርግ ማግስት ዛንዚባር ማለት ጀምረዋል። ደስ ይላል። ዕድሜ ልኩን ሲለፋ የኖረ ወላጅ አንድ ሳምንት እግሩን ዘርግቶ ባሕር ቢያይ የሚገባው ነው። እኔም ሰው በማጓጓዝ ሥራ ላይ ስላለሁ፣ ለራሴም እየሄድኩ ስላየሁት፣ ይህ ደስታ በማይረባ ምክንያት ሲበላሽ ከልቤ አዝናለሁ። ያመጣኝም ይኸው ነው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ባሕር ላይ ሰውን የሚያስለቅሰው ችግር አብዛኛው የሚጀምረው የብስ ላይ ነው። ትኬት ሲቆረጥ፣ ሻንጣ ሲታሰር፣ ሰዓት ሲሞላ። ማዕበሉን ሁሉም ይፈራል። ወረቀቱን ግን ማንም አይፈራም። መፈራት ያለበት ወረቀቱ ነው።

ከቪዛ ልጀምርና እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። መርከብ ከአንድ አገር ይነሳል፣ ሌላ አገር ይደርሳል፣ ተመልሶ ወደ መጀመሪያው ይመጣል። ለእናንተ ሽርሽር ነው። ለኢሚግሬሽን ግን ከአገር መውጣትና እንደገና መግባት ነው። ቪዛችሁ ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ ከሆነ፣ መርከቡ ወደቡን ለቆ ሌላ አገር ሲነካ ቪዛው አለቀ ማለት ነው።

አሜሪካን እንውሰድ። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1886 የወጣ ሕግ አለ። የሌላ አገር ባንዲራ ያለው መርከብ ከአሜሪካ ወደብ ወደ አሜሪካ ወደብ ብቻ ሰው ማመላለስ አይችልም። ትልልቆቹ የሽርሽር መርከቦች ደግሞ ሁሉም ማለት ይቻላል የሌላ አገር ባንዲራ ነው የሚያውለበልቡት። ስለዚህ ከማያሚ የሚነሳው ባሃማስን ወይም ሜክሲኮን ይነካል። ከሲያትል ወደ አላስካ የሚሄደው ካናዳ ይገባል። ከእ.ኤ.አ. ሐምሌ 2025 ወዲህ ደግሞ አሜሪካ ለኢትዮጵያውያን የምትሰጠው የጉብኝት ቪዛ በአብዛኛው የ3 ወርና ለአንድ መግቢያ ብቻ ሆኗል። እናት ከደሴ በስንት ጣጣ ቪዛ አግኝታ ትሄዳለች፣ ልጅ በደስታ የባሃማስ መርከብ ይቆርጥላታል፣ ወደቡ ላይ «መሳፈር አትችይም» ትባላለች። ገንዘቡም አይመለስም። ልጆቹ የአሜሪካ ፓስፖርት ስለያዙ ነገሩ ትዝ አይላቸውም። እናንተ ናችሁ «ልጄ፣ ቪዛዬ ስንት ጊዜ ያስገባል?» ብላችሁ መጠየቅ ያለባችሁ። ደጋግሞ የሚያስገባው፣ መልቲፕል የሚባለው ቪዛ ከሌላችሁ አንድ ጥሩ አማራጭ አለ። ሃዋይ ውስጥ ከደሴት ደሴት እየዞረ፣ የአሜሪካን ባንዲራ ይዞ፣ ከአገር ሳይወጣ የሚመላለስ መርከብ አለ። ውድ ቢሆንም እናትን ወደብ ላይ አያስቀርም።

አውሮፓም እንደዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 የአውሮፓ ኅብረት ለኢትዮጵያውያን መልቲፕል ሸንገን ቪዛ (ብዙ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚሰጡት) እንዳይሰጥ ወስኗል። የመጠበቂያ ጊዜውንም ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አሳድጎታል። ልጃችሁ ጣሊያን ሆና መርከብ ስትመርጥ መንገዱን አንድ በአንድ ትይ። ጣሊያን፣ ፈረንሳይ፣ ስፔን፣ ማልታ ብቻ ከሆነ ሁሉም ሸንገን ነው፤ አብሽሩ። የግሪክ ደሴቶች ብቻም ከሆነ ችግር የለም። መሐል ላይ ቱርክ፣ ቱኒዚያ፣ ሞንቴኔግሮ ወይም ቆጵሮስ ካለ ግን ተውት። «እኔ ከመርከቡ አልወርድም» ማለትም አያዋጣም። ብዙዎቹ ድርጅቶች ባትወርዱም የየወደቡን ቪዛ ይጠይቃሉ። ይህ ሕግ በየጊዜው ይለዋወጣል፤ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ኤምባሲውንም መርከቡንም ጠይቁ። መልሱን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ተቀበሉ።

ፓስፖርታችሁ ከምትመለሱበት ቀን በኋላ ቢያንስ 6 ወር የሚቆይ ይሁን። ሌላው የቢጫ ወባ ክትባት ነው። ከኢትዮጵያ የሚነሳ ሰው ዛንዚባርም፣ ሲሸልስም፣ ማልዲቭስም ሲገባ ቢጫ ካርዱን ይጠየቃል። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት። አንዴ ከተወጋችሁ ዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ ከእ.ኤ.አ. 2016 ወዲህ እድሳት ቀርቷል። የጠፋባችሁ ካላችሁ ፈልጉ፣ ካልተገኘ አስወጡ።

ሁለተኛው ትልቁ ነገር ሰዓት ነው።

እኛ የቀኑን 11 ሰዓት የምንለው መርከቡ ላይ 17:00 ወይም 5:00 ተብሎ ይጻፋል። ይህን ሁሉም ያውቃል ትሉኛላችሁ። ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ደክሞ፣ ሞቆት፣ ገበያ መሐል ሆኖ ማስላት ግን ሌላ ነው። ስለዚህ ለአንድ ሳምንት የአበሻውን ሰዓት ተዉት። የእጅ ሰዓታችሁን መርከቡ ላይ ስትገቡ በመርከቡ ሰዓት ሙሉት፣ እስክትወርዱ አትንኩት። በተለይ ስልክ አትመኑ። ስልክ ወደብ ላይ ሲደርስ ራሱን ወደ አገሩ ሰዓት ይቀይራል። መርከቡ ግን አንዳንዴ የራሱን ሰዓት ይዞ ይቀጥላል። በሁለቱ መሐል አንድ ሰዓት ሊኖር ይችላል።

የኮምቦልቻ ባልና ሚስት ናቸው፤ የደረሰባቸውን ራሳቸው ነግረውኛል። መርከቡ በየዕለቱ የሚያድለው ወረቀት ላይ በ3:30 ተመለሱ ይላል። ባልየው የወደቡ ሱቅ ግድግዳ ላይ ሰዓት አየ፤ 2:20። «ገና ነው» አለና ለልጆች ጫማ መረጡ። ዋጋ ተከራከሩ፣ ተስማሙ፣ ተጠቀለለላቸው። ወደ ባሕሩ ሲዞሩ የመርከቡ ወገብ ከድንጋዩ ርቋል። ፎቁ ላይ ያሉ ሰዎች ወደነሱ እጃቸውን ያውለበልባሉ። ደስታ መስሏቸው ነው። ሚስትየው ያንን የሰው እጅ እስካሁን አልረሳችውም። ወደቡ ከመርከቡ አንድ ሰዓት ወደኋላ ነበር።

መርከብ አይጠብቅም። እንደ ክፍለ አገር አውቶቡስ «ሰውዬው ሽንት ቤት ነው» ተብሎ አይቆምም። ወደብ ላይ መቆየት በሰዓት ያስከፍለዋል። የመመለሻው ሰዓት ከመነሻው ብዙውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም አንድ ሰዓት ቀድሞ ነው። በመርከቡ በኩል የተገዛ ጉብኝት ላይ ሆናችሁ ብትዘገዩ ይጠብቃችኋል፤ ኃላፊነቱ የእሱ ነውና። በራሳችሁ ታክሲ ይዛችሁ ከወጣችሁ ግን ኃላፊነቱ የእናንተ ነው። የራሳችሁን መንገድ መያዝ ይረክሳል፣ ነፃነትም አለው፤ እኔም እመርጠዋለሁ። ግን ከመመለሻው ሰዓት ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ወደቡ አጠገብ ተገኙ። ቀሪውን ጊዜ እዚያው ቡና እየጠጣችሁ አሳልፉት። የዕለቱ ወረቀት ላይ የወደቡ ወኪል ስልክ አለ፤ ቆርጣችሁ ኪስ ውስጥ ያዙት። ከቀራችሁ የመጀመሪያ ስልካችሁ ለእሱ ነው።

የሰዓት ነገር ከዚህ ከደሴ ነው የሚጀምረው። ከኮምቦልቻ የሚነሳው አውሮፕላን በክረምት ጉም ይሰረዛል። በመንገድ ከሄዳችሁ ጣርማ በር ላይ ጉም አለ፣ መንገድ የሚዘጋበትም ቀን አለ። አዲስ አበባ ከበረራው ቀን ሁለት ቀን ቀድማችሁ ግቡ። መርከቡ ያለበት ከተማም ቢያንስ አንድ ቀን ቀድማችሁ ድረሱ። የአንድ ሌሊት አልጋ ዋጋ ከጠፋ መርከብ ጋር አይወዳደርም።

ወደ ሻንጣ ልሂድ። መሳፈሪያው ቀን ትልቁን ሻንጣ ወደቡ ላይ ይቀበሏችኋል። የመኝታ ክፍላችሁ፣ ካቢን የሚባለው፣ በር ላይ የሚደርሰው ከሰዓት በኋላ፣ አንዳንዴም ማታ ነው። በዚህ መሐል የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት ሻንጣ ውስጥ ከሆነ ችግር ነው። መድኃኒት፣ ፓስፖርት፣ መነጽር፣ አንድ ቅያሪ ልብስና ነጠላ በእጅ ቦርሳ ይሁኑ። የመጨረሻው ሌሊት ላይም ሻንጣውን በር ላይ አውጡ ትባላላችሁ። የነገውን ልብስና ጫማ አስቀርታችሁ አውጡ። ኢንሱሊን የምትወስዱ ፍሪጅ እንዲዘጋጅላችሁ ቀድማችሁ አስነግሩ። መርከቡ ላይ ሐኪም አለ፤ ግን በገንዘብ ነው፣ ዋጋውም ያስደነግጣል። የጉዞ ኢንሹራንስ ሳይኖራችሁ አትሳፈሩ።

ቡናን በተመለከተ እናቶች ቅር እንዳትሰኙብኝ። ካቢን ውስጥ ቡና ማፍላት አይቻልም። መርከበኛ ከምንም በላይ የሚፈራው እሳትን ነው። ካውያ፣ የውሃ ማፍያ፣ ሻማ፣ ምድጃ ሁሉ ይያዛል። ዕጣን ካጨሳችሁ ጣሪያው ላይ ያለው የጭስ ጠቋሚ ይጮሃል፤ ሠራተኞች በሩጫ ይመጣሉ። ሰው እንዳያሳፍራችሁ ብዬ ነው። ቋንጣና ቅቤም አትያዙ። አሜሪካ ሥጋ አታስገባም፤ አውሮፓ ሥጋንም የወተት ተዋጽኦንም ይከለክላል። በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ ቆሎ በደንብ ታሽገው ቢሄዱ ይሻላል። ሚጥሚጣዋን ያዙ፤ የመርከቡ ምግብ ጨውም በርበሬም የለውም።

ስለ ምግቡ የወሎን ቤት አስቤ ልናገር። የኛ ቤተሰብ አንዱ ሙስሊም፣ አንዱ ክርስቲያን ሆኖ በአንድ ገበታ የሚቀርብ ነው። መርከብ ላይም አብራችሁ መብላት ትችላላችሁ፤ ግን መናገር አለባችሁ። ሐላል ሥጋ እንዲዘጋጅ ከፈለጋችሁ ትኬቱ ሲቆረጥ ይጻፍ፣ ከጉዞው ሳምንታት በፊት። እዚያ ደርሶ ሐላል ነው ወይ ማለት ብዙ ጊዜ ፋይዳ የለውም። የምትጾሙ ደግሞ የመጀመሪያው ማታ ዋናውን አስተናጋጅ ጥሩና «ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል የለበትም» በሉት። «አትክልት ብቻ» ካላችሁ በቅቤ የተጠበሰ አትክልት ነው የሚመጣላችሁ። ዓሣ የምትበሉና የማትበሉም ለይታችሁ ተናገሩ። አንዴ ከተነገራቸው ይታዘዛሉ፤ በየማታው የነገውን ዝርዝር አምጥተው የሚያማርጡም አሉ። ሙስሊሙም ለሥጋው እርግጠኛ ካልሆነ ከጿሚው ሳህን ይካፈላል። ይህን ገበታ ሳይ በጣም ደስ ይለኛል።

ሶላት ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። መርከብ ይዞራል። ማለዳ የለያችሁት ቂብላ ከሰዓት ሌላ አቅጣጫ ሊሆን ይችላል። የካቢኑ ቴሌቪዥን የመርከቡን ካርታ ያሳያል፤ ከእሱ ወይም ከኮምፓስ እያያችሁ ለዩ። ስለ መንገደኛ ሶላት ከመነሳታችሁ በፊት ኡስታዞቹን ጠይቁ።

አሁን ስለ ክፍሉና ስለ ማቅለሽለሽ። በረንዳ ያለው ካቢን ያምራል፣ ውድ ነው። መስኮት የሌለው ይረክሳል፤ ለእንቅልፍ ምንም አይልም፣ ድቅድቅ ያለ ጨለማ ነው። ለሚያቅለሸልሸው ሰው ግን ከበረንዳው ይልቅ ቦታው ነው የሚጠቅመው። መርከቡ ወገብ ላይ፣ ዝቅ ያለ ፎቅ ምረጡ። ጫፉና ላዩ ነው አብዝቶ የሚናጠው። «የትኛውም ክፍል ይሁን» የሚል ርካሽ ትኬት ለወጣት ይሆናል፣ ለእናት አይሆንም። የሚያቅለሸልሽ ከሆነ አየር ያለበት ውጡ፣ ሰማይና ውሃ የሚገናኙበትን መስመር እዩ። ስልክ አታንብቡ። ሆድ ባዶ አይሁን። ዝንጅብል ይረዳል። የማቅለሽለሽ ክኒን የሚሠራው ሳይጀምር ሲወሰድ ነው፤ ግን ሌላ መድኃኒት የምትወስዱ ሐኪም ሳትጠይቁ እንዳትውጡት፣ እንቅልፍም ያመጣል።

የመጀመሪያው ቀን ሥልጠና አለ። የአደጋ ጊዜ መሰብሰቢያችሁን ያሳዩዋችኋል። ሰባት አጭር፣ አንድ ረጅም ጩኸት ከሰማችሁ ወደዚያ ነው የምትሄዱት። ብዙ ሰው አሰልቺ ነው ብሎ ይቀልድበታል። እባካችሁ አትቀልዱ። እ.ኤ.አ. ጥር 13 ቀን 2012 ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለው መርከብ ጣሊያን ውስጥ ጂሊዮ ደሴት አጠገብ ድንጋይ መትቶ ተገለበጠ። 32 ሰው ሞተ። ያን ዕለት የተሳፈሩት ሥልጠናውን ገና አልወሰዱም ነበር፤ የያኔው ደንብ እስከ 24 ሰዓት ይፈቅድ ነበርና። ከእ.ኤ.አ. 2015 ጀምሮ መርከቡ ሳይነሳ ወይም እንደተነሳ ወዲያው እንዲሰጥ ሆነ። እንግሊዝኛ የማትችል እናት ካለች ልጅ ቁጭ ብሎ በአማርኛ ያስረዳት። በደረጃው አብሯት ይውረድ፣ በሊፍት አይደለም። የመሰብሰቢያውን ቁጥር በእጇ ካርድ ላይ ጣቷን አድርጎ ያሳያት።

መርከቡ ደግሞ ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ሥራ የጀመረው አይከን ኦፍ ዘ ሲስ ርዝመቱ 365 ሜትር ነው፤ 20 ፎቅ አለው፣ ሲሞላ ወደ 7,600 መንገደኛ ይይዛል። ትልልቅ ሰው እዚያ ውስጥ ይጠፋል። የካቢኑን ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ኪሳቸው ውስጥ ክተቱ። በር ላይ ነጠላ ወይም ባለቀለም ክር ማሰርም ይረዳል፤ ኮሪደሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ነው። ሕፃናት ያላችሁ መዋኛው አጠገብ ዓይናችሁን አትንቀሉ፤ ጠባቂ የሌለው መርከብ ብዙ ነው። እጃችሁን በውሃና በሳሙና ታጠቡ። የሚያስተውከውና የሚያስቀምጠው ኖሮ ቫይረስ ለሳኒታይዘር አይበገርም። እኛ ከመብላት በፊት ማስታጠብ እናውቅበታለን፤ እዚያም አትተዉት።

ገንዘቡን ቶሎ ልጨርስ። ትኬቱ ምግብና አልጋ ይዟል። ለሠራተኞች የሚቆረጠው ቲፕ ግን ብዙ ጊዜ ለብቻው ነው፤ በአንድ ሰው በቀን ከ16 እስከ 20 ዶላር አካባቢ፣ ለልጅም ይታሰባል። ለስላሳ፣ ኢንተርኔት፣ ፎቶ ሁሉ በካርድ ይመዘገብና መጨረሻ ላይ ይመጣል። በየሁለት ቀኑ ሒሳባችሁን እዩ። ስልካችሁን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉ፤ ባሕር ላይ ያለው የመርከቡ ኔትወርክ ያስከፍላል። እዚህ ለሚቀሩት ደግሞ «ሁለት ሦስት ቀን ድምፄ ይጠፋል» ብላችሁ ሂዱ። ካልነገራችሁ ደሴ ላይ ለቅሶ ሊቀመጥ ይችላል፤ ቤተሰቦቻችንን አውቃቸዋለሁ።

ወደ ደሴቶቹ እንለፍ። ዛንዚባር ለኛ የምትስማማ አገር ናት። ነዋሪው አብዛኛው ሙስሊም ነው፣ ሰው አክባሪ ነው፣ ቅመሙ ደግሞ አገር ቤትን ያስታውሳል። ከአዲስ አበባ ቀጥታ በረራ አለ። እኛ ክረምት ሆኖ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደሴ በጉም ስትሸፈን፣ እዚያ ደረቅና ነፋሻ ወቅት ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ግን ከባድ ዝናብ ነው፤ ዋጋው ቢረክስ አትታለሉ። ከእ.ኤ.አ. ጥቅምት 2024 ጀምሮ ማንኛውም የውጭ ጎብኚ የደሴቲቱን ኢንሹራንስ በ44 ዶላር መግዛት አለበት። ሌላ ኢንሹራንስ ቢኖራችሁም አይቀርም። ከመነሳታችሁ በፊት በኢንተርኔት ክፈሉና ወረቀቱን ያዙ።

ሙሽሮች ሆቴል ስትመርጡ የባሕሩን ጠባይ እወቁ። ምሥራቅ በኩል፣ ፓጄና ጃምቢያኒ፣ ውሃው ይሸሻል። ማለዳ ከደጃችሁ ሥር የነበረው ባሕር እኩለ ቀን ላይ የለም። የሚታየው ነጭ አሸዋ፣ እዚህም እዚያም የቀረ ኩሬ፣ የደረቀ ጀልባ ነው። ሴቶች ጎንበስ ብለው ችካል ላይ ያሰሩትን የባሕር አረም ይሰበስባሉ። ገመዱን ያነሳሉ፣ ያራግፋሉ፣ ቀዩንና አረንጓዴውን በጆንያ ይሞላሉ። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ውሃው ሳይሰማ በቁርጭምጭሚታቸው ዙሪያ ይመጣል። እነሱም ጆንያቸውን ተሸክመው ይወጣሉ። እኔ ለማየት ምሥራቁን እመርጣለሁ፤ ቀኑን ሙሉ መዋኘት የሚፈልግ ግን ሰሜን፣ ኑንግዊና ኬንድዋ ይሂድ። እዚያ ውሃው ያን ያህል አይርቅም። ምሥራቅ ስትሄዱ የውሃ ጫማ አድርጉ። የባሕር ጃርት የሚባል እሾኻማ ፍጥረት አለ፤ እሾኹ እግር ውስጥ ይሰበራል።

ስዋሂሊ የሚናገር ሰው ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛ ነው። ጠዋት ሲነጋ አንድ ብሎ ይጀምራል። ከባለ ጀልባ ጋር ስትቀጣጠሩ ደስ ይላል፣ ያደናግራልም። እንግሊዝኛ ሲያወራ በፈረንጁ፣ በቋንቋው ሲያወራ እንደኛ ነው የሚቆጥረው። ስለዚህ «ሦስት» ካላችሁ «ጠዋት ነው ከሰዓት?» ብላችሁ አስረግጡ። ጀልባው ሰው አብዝቶ ከጫነ ደግሞ ቀኑ ይለፍ እንጂ አትሳፈሩ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2011 ስፓይስ አይላንደር የተባለችው መርከብ ከዛንዚባር ወደ ፔምባ ስትሄድ ከአቅሟ በላይ ጭና ሰጥማ ከ200 በላይ ሰው አልቋል።

ማልዲቭስ ቪዛው ቀላል ነው፤ ለአብዛኛው አገር ሰው፣ ለኛም፣ ሲደርስ የ30 ቀን በነፃ ይሰጣል። የሆቴል ማረጋገጫ፣ የመመለሻ ትኬትና የሚበቃ ገንዘብ ግን ያያሉ። ወደ ሪዞርቶቹ የሚወስደው የውሃ አውሮፕላን በቀን ብርሃን ብቻ ነው የሚበረው። ማታ ከደረሳችሁ ዋና ከተማው ማሌ ላይ አድራችሁ፣ ለአልጋም ከፍላችሁ ነው። ትኬታችሁ ጠዋት እንዲያደርስ ቁረጡት። ሪዞርቱ ከከበዳችሁ ሕዝቡ የሚኖርባቸው እንደ ማፉሺ ያሉ ደሴቶች ላይ ርካሽ የእንግዳ ማረፊያ አለ። እዚያ መጠጥ የለም፣ ምግቡ ሐላል ነው። ዓርብ የሕዝብ ጀልባ በአብዛኛው አይሠራም፤ ጉዟችሁን በዚያ አስሉ። ሲሸልስም ቪዛ አይጠይቅም፤ የመግቢያ ፈቃዱ ግን ቀድሞ በኢንተርኔት ይሞላል። ኬንያም ለኛ ቪዛ አያስፈልግም። ላሙ የምትባለውን ደሴት ያላያችሁ እዩዋት፤ መንገዷ ጠባብ ስለሆነ ሰውም ዕቃም በአህያ ነው የሚሄደው።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ የምለምናችሁ አንድ ነገር አለ። ለሩቁ ከመክፈላችሁ በፊት የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት የኛው ሐይቅ ውረዱ። ከዚህ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ያልፋል፤ ቀላል ውሃ እንዳይመስላችሁ። እናታችሁን፣ አባታችሁን ይዛችሁ ሂዱና ጀልባ ላይ አውጧቸው።

አንድ ጠዋት ያየሁትን ላካፍላችሁ። ወይዘሮዋ ሰባዎቹ ውስጥ ናቸው። ልጃቸው ጀልባው ውስጥ ቆሞ «እማዬ፣ ነይ ግቢ» ይላል። እሳቸው ዳሩ ላይ ቆመው ቀሚሳቸውን በአንድ እጅ ሰብስበዋል። አንድ እግራቸውን አነሱ። ጀልባው በእግራቸው ሥር ሸሸት አለ፤ መለሱት። ባለ ጀልባው ወረደና ጉልበቱ ድረስ ውሃ ገብቶ ጀልባውን በሁለት እጁ ያዘ። «እናቴ፣ ትከሻዬን ይያዙ፤ መሐሉን ይርገጡ እንጂ ጠርዙን አይርገጡ» አላቸው። ረገጡ፣ ቶሎ ቁጭ አሉ። መጀመሪያ ዓይናቸውን ጨፈኑ። መሐል ሲደርሱ ከፈቱና የገዳሙን ዛፎች አዩ። ከዚያ መውረድ አልፈለጉም።

ልጅየው ያን ዕለት ብዙ ነገር አወቀ። እናቱ አያቅለሸልሻቸውም። ጉልበታቸው ግን ከጀልባ ወደ ጀልባ ለመሻገር አይበቃም። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ትልቅ መርከብ የሚጠጋበት ወደብ በሌለው ደሴት ላይ መርከቡ ባሕር መሐል ቆሞ ሰውን በትንንሽ ጀልባ ያወርዳል፤ ሳንቶሪኒን የመሰሉት እንደዚያ ናቸው። ስለዚህ መርከቡ ራሱ ከመሬት ጋር የሚገጥምበትን መንገድ መረጠላቸው፣ ዊልቸርም ቀድሞ አስመዘገበ።

ሐይቅ ስትሄዱ ጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት ነፋስ ይነሳል። ዋጋ ሳትሳፈሩ ተስማሙ። የሚንሳፈፍ ጃኬት ጠይቁ፣ ከሌለ ከዳሩ አትራቁ። ሐይቅ እስጢፋኖስ ድሮ ደሴት ነበር፤ አሁን ከየብስ ጋር ተያይዟል። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩበት ገዳም ነው። የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴቶች ወደ ውስጥ አይገቡም። ይህን ቀድማችሁ ለእናቶች ንገሩ፤ እዚያ ደርሶ መስማት ቅር ያሰኛል። ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም የሐይቁ ዳርና ትኩስ ዓሣው አለ።

ጥያቄ ካላችሁ እንቀጥል ብዬ ነበር፤ ሁለቱን ልጻፋቸው።

አንዲት እህት «ልጄ ዱባይ ናት፣ ከዚያ በሚነሳ መርከብ ልትወስደኝ ትፈልጋለች» አሉ። ጥሩ ነው። ወቅቱ ከኅዳር እስከ መጋቢት ነው፤ በኛ ክረምት እዚያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። መርከቦቹ ኳታር፣ ኦማን፣ ባሕሬን ይነካሉ። የእርስዎ የዱባይ ቪዛ ለነዚያ አያገለግልም፤ ተመልሰው ሲገቡም ሁለተኛ መግቢያ ያስፈልግዎታል። ልጅዎም የመኖሪያ ፈቃድ አለኝ ብላ ሌሎቹ አገሮች ያስገቡኛል ብላ አትገምት። ሰው ቤት የምትሠራ ከሆነች የአሠሪዋን ፈቃድ በጽሑፍ ትያዝ።

አንድ ወጣት ደግሞ «ብር የለኝም፣ ግን ባሕር ማየት እፈልጋለሁ» አለ። ለወሎ ሰው አሁን በመንገድ የሚደረስበት ቅርቡ ባሕር ጅቡቲ ነው። ከኮምቦልቻ በሚሌና በጋላፊ አድርጎ መንገድ ይወስዳል። ከጅቡቲ ከተማ ጀልባ ይዘህ ሙሻ ደሴት ደርሰህ በዕለቱ ትመለሳለህ። ውሃው ጥርት ያለ ነው፣ ዓሣው ከላይ ይታያል። ቪዛህን ከመነሳትህ በፊት ጨርስ፤ ጠረፍ ላይ እጨርሳለሁ አትበል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ አትሂድ፣ ለደጋ ሰው አይቻልም። ከኅዳር እስከ ጥር ብትሄድ አየሩ ይሻላል፤ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍ ዓሣም የሚመጣው ያኔ ነው። ሰው አይነካም። አንተም አትንካው፤ ከሦስት አራት ሜትር ራቅ ብለህ፣ ጃኬትህን ለብሰህ እየው።